መምህር ፈንታው ያልነፉት ፊሽካ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን የምድጃዋን አመድ መንገድ ዳር ደፍታ ገባች፤ ወዲያው ካፊያ ጣለበት። እርጥብ አመድ ለሌላው ሰው አፍንጫ ይዞ የሚያልፉት ነገር ነው። እኔ ግን ቆምኩ። ያ ሽታ በልጅነቴ የትምህርት ቤታችን ሜዳ ሽታ ነበር። ኖራ የሚባል ነገር ለትልልቅ ከተማ ነው እንጂ ላልይበላ አይደርስም ነበርና የሜዳውን መስመር የምናሰምረው በአመድ ነው። ጨዋታ ባለ ቁጥር እያንዳንዳችን ከየቤታችን በቲማቲም ጣሳ አመድ ይዘን እንመጣለን፤ የወይራው ነጣ ያለ፣ የባሕር ዛፉ ጠቆር ያለ፣ አንዳንዱ ውስጥ ገና ያልበረደ ፍም ያለበት። ጎንበስ ብለን ስናፈስ ከኋላችን መምህር ፈንታው ቆመው ያያሉ። መስመሩ ከተወላገደ የጫማቸውን ጫፍ ቂጣችን ላይ ያሳርፋሉ እንጂ አይናገሩም።

መምህር ፈንታው የስፖርት መምህራችንም የእግር ኳስ ዳኛችንም ነበሩ። ለእኔ ደግሞ ጎረቤት ናቸው፤ ቤታችንን ከቤታቸው የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ቀጠን፣ ረዘም ያሉ፣ ሲስቁ ያየናቸው የማንም ልጅ ሲወድቅ ብቻ የሆነ ሰው ነበሩ። ጥቁር ቁምጣቸው በከሰል ካውያ የተተኮሰ፣ ካልሲያቸው እስከ ጉልበት የተሳበ፣ ፊሽካቸው በጥቁር የጫማ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ። ቢጫ ካርዳቸውን ከዘይት ጀሪካን፣ ቀዩን ከተሰበረ ሳፋ ቆርጠው ነው የሠሩት፤ ጠርዙን በመቀስ ክብ አድርገው፣ ከጨዋታ በፊት በመሐረብ ወልውለው ደረት ኪሳቸው ይከቱታል። ደሴ ሄደው የዳኝነት ኮርስ የወሰዱ ብቸኛው ሰው እሳቸው ስለነበሩ በአካባቢው የሚነፋ ፊሽካ ሁሉ የሳቸው ነበር።

ሕጉን ክፍል ውስጥ በጥቁር ሰሌዳ አስተምረውናል። የጥፋቱን ደረጃ እንዲህ ነበር የሚሉት፦ ሳያስብ የነካ ቅጣት ምት፤ ሌላው ይጎዳል ብሎ ሳይሳቀቅ ዘሎ የገባ ቢጫ፤ ከልክ ባለፈ ጉልበት ሰው ሊሰብር የገባ ቀይ። ይህ ገባን። ግራ ያጋባን ሌላው ነው። ጥፋት አይቶ ዝም የሚል ዳኛ አለ አሉን። የተመታው ቡድን ኳሱን ይዞ ወደ ግብ እየሄደ ከሆነ፣ ፊሽካ ብትነፋ የምትረዳው አጥፊውን ነው፤ አድቫንቴጅ የሚባለው ይህ ነው፤ ሁለት እጅህን ወደ ፊት ዘርግተህ «ይለፍ» ትላለህ። ጥቂት ትጠብቃለህ። ነገሩ ካልተሳካ ተመልሰህ ትነፋለህ፤ ከተሳካም አጥፊው አልዳነም፤ ኳሱ ሲቆም ሄደህ የሚገባውን ካርድ ትሰጠዋለህ። ማሳለፍ ይቅር ማለት አይደለም ብለው ሰሌዳውን በጠመኔ መቱት።

የመጨረሻው ነገር ለእኛ አገር ሰው አይዋጥም። ላስታ ውስጥ ያለፈ ነገር ያለፈ ነው። ሽማግሌ ፊት «ይለፍ» ተብሎ የታለፈን ነገር መልሶ የሚያነሣ ሰው ቂመኛ ይባላል፤ መባል ብቻ ሳይሆን ይቀጣል። መምህር ፈንታው ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ ተወልደው ያደጉት እዚሁ ነው። ግን ሕግ ሲይዙ አገራቸውን ይረሳሉ።

ደግሞም ነገሩን ከልክ በላይ ወደዱት። ጉልበቱ ተልጦ ደም እየወረደ የሚሮጥ ልጅ ሲያዩ ፊታቸው ይፈካል፤ እጃቸው ይዘረጋል። «ይለፍ» የቅጽል ስማቸው ሆነ። በሳቸው ሜዳ ላይ መምታት ያን ያህል ነውር አልነበረም፤ ነውሩ መውደቅ ነው። ወድቆ የቆየን ልጅ ከራሱ በላይ ቆመው ያዩታል፤ አፈሩን አራግፎ እስኪነሣ ድረስ አይነቀነቁም። እኔ በበኩሌ ጠላኋቸው። ስጠላቸውም ዝም ብዬ ነበር፤ ሁላችንም እንደዚያ ነበርን።

ከሁላችን የከፋባቸው የገዛ ልጃቸው ሲሳይ ነበር። ሲሳይ የዕድሜ እኩያዬ ነው፤ በቀኝ መስመር ሲሮጥ የሚይዘው አልነበረም። ከአብያተ ክርስቲያናቱ የሚመለሱ ካህናት እንኳ መቋሚያቸውን ተደግፈው ሳያዩት አያልፉም። አባቱ ሜዳ ላይ ስሙን ጠርተውት አያውቁም፤ «አሥራ አንድ ቁጥር» ነው የሚሉት። እሱም አባ ብሎ ጠርቷቸው አያውቅም። ሌላው ልጅ ሲጠለፍ ከሚነፉት ፊሽካ ግማሹን እንኳ ለሱ አይነፉም። ለልጁ ያደላል እንዳይባሉ ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲሳይም ያውቃል። ትምህርቱ ላይ ደካማ ነበር። ከዚያ ቤት የሚያወጣው እግሩ ብቻ እንደሆነ አንድ ቀን ያንን ግድግዳ ተደግፈን ሳለን ነግሮኛል።

መውጫውም መጣ። የወረዳው አሸናፊ ወልድያ ሄዶ እንዲጫወት፣ እዚያ ጎበዝ የተባለው ለታዳጊ ቡድን ተመርጦ እየኖረ እየተማረ እንዲቀር ተወሰነ። የቀረን አንድ ጨዋታ ነበር፤ ከብልባላ ልጆች ጋር፣ በእኛ ሜዳ። ካሸነፍን ወልድያ የሚቀረው ሲሳይ እንደሆነ የተጠራጠረ ሰው አልነበረም።

ብልባላዎች ሌሊቱን በእግራቸው ገስግሰው ከነሽማግሌያቸው ደረሱ። ሽማግሌው አያ መኮንን ይባላሉ፤ ልጆቹን ሰብስበው የሚያመጡ፣ አፋቸው የሚከበር ሰው ናቸው። ሊዳኝ የተመደበው የወልድያ ሰው በዝናብ መንገድ ተቆርጦበት እንደቀረ ተሰማ። ያለው ዳኛ መምህር ፈንታው ብቻ፣ ልጃቸው ደግሞ ከኛ ጋር ማሊያ ለብሶ ቆሟል። አያ መኮንን ልጆቻቸውን ቁጭ አደረጓቸው። በእኛ ዘንድ ዘመድ ያለበት ሰው ከሽምግልና ይነሣል፤ እንዴት ሆኖ ነው አባት በልጁ ጨዋታ የሚፈርደው አሉ። ብዙ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ሽማግሌ ሲዳኝ እንደሚደረገው መምህር ፈንታው ይማሉ፣ ላላደላ ብለው ይማሉ፣ ከዚያ ይጀመር ተባለ።

አያ መኮንን የጠየቁት ይህን ብቻ ነበር። መምህር ፈንታው ግን መሀል ሜዳ ቆመው፣ የሜዳው ዳር ግንብ ላይ የተቀመጠው ተመልካች ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በቅዱስ ላልይበላ ስም ማሉ፦

«ለዚህ ልጅ ብዬ ፊሽካ አልነፋም።»

አያ መኮንን ደነገጡ። እንዲህ አላልንም ሊሉ አፋቸውን ከፈት አድርገው ነበር፤ መሐላ ከወጣ በኋላ አይታረምምና ዘጉት። ሲሳይ አጠገቤ ነበር። የካልሲውን ክር ሲያስር ቆየ።

የብልባላ ልጆች ሞኞች አይደሉም፤ መሐላውን ሰምተዋል። ጨዋታው እንደተጀመረ ሁሉም ሲሳይ ላይ ተረባረቡ። በማሊያው ይጎትቱታል፣ ቁርጭምጭሚቱን ይረግጡታል፤ እጅ ይዘረጋል፣ «ይለፍ» ይባላል። አንዴ ከኋላው በጉልበት ገፍተው ጣሉት። እግሩን ይዞ ተንከባለለ። ያን ጊዜ ፊሽካ ተነፋ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን መለሰ፤ ተመስገን፣ አባት ናቸው ለካ አልን። መምህር ፈንታው ሮጠው መጡ፤ ቢጫዋን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ልጃቸው ላይ ዘረጓት። አስመስለህ ወድቀሃል ነው። የብልባላ ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲሰማቸው አንገታቸው ቀና ማለቱን አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም ስናገር የሚያመኝ እሱ ነው። ሁለተኛ ቢጫ ማለት ቀይ ነው፤ ስለዚህ ሲሳይ ከዚያ በኋላ መውደቅ አይችልም ነበር።

ሊያልቅ ሲል ሲሳይ በቀኝ በኩል ሁለቱን አልፎ ገባ። አንድ ግዙፍ ተከላካይ ነበራቸው፤ ኳሱ ካለፈው በኋላ ሁለት እግሩን አጣምሮ ዘለለበት። ደረቅ ማገዶ በጉልበት ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። እኔ ቅርብ ነበርኩ። ሲሳይ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፣ መዳፉ መሬት ነካ፤ ቀና ብሎም አባቱን አየ። መምህር ፈንታው ፊሽካዋን አፋቸው ውስጥ ከተው ጉንጫቸው ተነፍቶ ነበር። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ከዚያ ሲሳይ ተነሣ። እንዴት እንደተነሣ አላውቅም። በዚያ እግር ረገጠ፣ ደግሞ ረገጠ። አባቱ ፊሽካዋን ከአፋቸው አውጥተው ሁለት እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። «ይለፍ!»

ኳሱን አንከባልሎ ለእኔ ሰጠኝ። በረኛው ወደሱ ወጥቶ ስለነበር ከፊቴ ማንም የለም፤ በጎን እግሬ መትቼ አስገባሁት። ሜዳው በጩኸት ተናጋ፤ እኔም እጄን ዘርግቼ ሮጥኩ። ላቅፈው ዞር ስል ሲሳይ በጀርባው ተዘርግቷል፤ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ መታጠፍ በሌለበት በኩል ታጥፏል።

መምህር ፈንታው መሀል ሜዳውን በጣታቸው አሳዩ፤ ግቡ ተቆጠረ። ቀጥሎ ሕጉ የሚለውን ሊያደርጉ ረጋ ባለ እርምጃ ተነሡ፤ ልጃቸውን በአጠገቡ አልፈው ወደ ተከላካዩ ሄዱ። ያወጡት ቢጫዋን ነው። ባስተማሩን መሠረት ቀይ ነበር፤ የተመታው የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን ከዚያ ላነሰ ነገር ቀይ ሲሰጡ አይተናል። ቢጫዋም ቢሆን ወደ ላይ ሳትወጣ አያ መኮንን ጋቢያቸውን እየጎተቱ ሜዳ ገቡ። ሽማግሌው እስከዚያ ድረስ አንቱ ሲሏቸው የቆዩትን መምህር አሁን አንተ አሏቸው።

«ይለፍ ብለህ አሳለፍከው አይደለም ወይ? ያለፈ ነገር መልሶ ማንሣት ምን ይባላል አገርህ? ምለህልናል እንጅ!»

አድቫንቴጅ ማለት እንዲህ ነው ብለው ቢያስረዱ የሚሰማቸው አልነበረም፤ የኛው ሰው ራሱ ግንቡ ላይ ሆኖ እውነት ነው ይል ጀመር። ብልባላዎች ማሊያቸውን ማውለቅ ጀመሩ። ከወጡ ጨዋታው ይቋረጣል፤ ግቡም ወልድያም የለም። መምህር ፈንታው ቢጫዋን በጣታቸው እንደያዙ ቆዩ። ያን ጊዜ ሲሳይ ከመሬት ተናገረ። ሜዳ ላይ ሲናገራቸው የመጀመሪያው ነው።

«አባ፣ ተሰብሯል።»

ካርዷን ኪሳቸው መለሱ። ወደ እኛ ዞረውም፣ «ከመስመር ውጪ አውጡት» አሉ።

በጋቢ ተሸክመን የአመዱን መስመር አሻገርነው። ጨዋታው ቀጥሎ አለቀ፤ አሸነፍን። በዳኝነቱ መጽሐፍ ቢሆን፣ በልጁ ላይ የተሠራ ጥፋት አልነበረም።

የወጌሻው ሥራ ሳምንታት ፈጀ፤ እግሩ ጠምሞ ያዘ። ጠያቂ ሲመጣ መምህር ፈንታው ታማሚው አልጋ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ነገሩን ያስረዳሉ። ስፌት ያስመጣሉ፤ ባቄላ ይደረድሩበታል። ይህ አሥራ አንድ ቁጥር፣ ይህ ተከላካዩ፣ ይህ ግቡን ያገባው ልጅ፤ እንግዲህ ፊሽካ ቢነፋ ኖሮ ማን ነበር የሚጠቀመው? ጠያቂው ምን ይበል፤ የሰው ቤት ቆሎ እየቆረጠመ፣ እውነትዎን ነው ይላል። ሲሳይ ፊቱን ወደ ግድግዳው፣ ወደኛ ቤት አዙሮ ይተኛል። እናቱ መኝታቸውን ወደ ማድቤቱ አወጡና እዚያው ቀሩ።

አያ መኮንን ተከላካዩን ልጅ አስከትለው ከብልባላ መጡ። በአህያ አንድ በግ አስጭነዋል። በአገሩ ደንብ ልጁ የተጎዳውን ጉልበት ስሞ ሊታረቅ ነው። በራችን ላይ ሆኜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። መምህር ፈንታው አላስገቧቸውም። ጥፋት ተብሎ አልተፈረደም፤ ያልተፈረደ ነገር ምን ተብሎ ይታረቃል፤ በጉንም መልሱ አሉ። ልጁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። ሽማግሌው የአህያውን ገመድ እየያዙ መለሱላቸው።

«እኛ እንዳታደላ ነው ያልነ። ልጅህን ስጠን አላልነም» አሉ። አህያውን ከነበጉ አዙረው ሄዱ።

ወልድያ እኔ ተመረጥኩ። ለዚያች አንድ ግብ ነው መሰለኝ፤ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረኝም። አንድ ክረምት እንኳ በቅጡ ሳልቆይ ሰደዱኝና ተመልሼ የሆቴል መኪና ሾፌር ሆንኩ። ሲሳይ እያነከሰ ትምህርቱን ጨረሰ፤ ከተማው ውስጥ የመስቀል ቅርጽ እየጠረበ ለእንግዳ ይሸጣል። አባቱን ጥሎ አልሄደም። የሚያስገርመኝ ይህ ነው። እናቱ ከሞቱ በኋላም ያው ቤት ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ፤ በግድግዳው በኩል የራዲዮ ድምፅ እንጂ የሰው ድምፅ ሳይሰማ ቀን ይመሻል።

አምና መምህር ፈንታው አልጋ ላይ ዋሉ። ልጠይቃቸው ገባሁ፤ ሥጋቸው አልቆ ዓይናቸው ብቻ ቀርቷል። ሲሳይ ትከሻቸው ላይ ብርድ ልብስ እያለበሰ ነበር። እንዳዩኝ አንዳች ነገር የጠፋበት ሰው እንዳገኘው ዓይነት ሆኑ። ስለ ጤናቸው አልጠየቅኋቸውም፤ ጊዜ አልሰጡኝም።

«ያገባኸው አንተ ነህ፤ ንገረው» አሉኝ። «ብነፋ ኖሮ ግቡ አይቆጠርም ነበር። ሕጉ ትክክል ነው። ንገረው።»

ሰው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ የሚለምነው ምሕረት ይመስለኝ ነበር። እሳቸው የለመኑት ምስክር ነው። እውነት ነው ብዬ ልሸኛቸው ብችል ደግ ነበር፤ ውሸት ነው ብላቸውም ሕጉ እሳቸው እንዳሉት ነው። ሲሳይ ትራሱን አስተካከለላቸው።

«ትክክል ነው አባ» አለ። «አሁን ይተኙ።»

በማግሥቱ ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ሲሳይ አላለቀሰም እየተባለ ታማ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ፤ አፈሩ ሲመለስ በአንድ እግሩ መቆም አቅቶት ትከሻዬን ያዘ እንጂ አላለቀሰም።

አሁን በዚያ ሜዳ ሕፃናቱን የሚያጫውተው እሱ ነው። ማንም አልሾመውም፤ ከለቅሶው በኋላ አንድ እሑድ የገበያ ፊሽካ ገዝቶ መጣና ቆመ። ዳኝነቱን ግን ሰው አይወደውም። ሁሉንም ይነፋል። ተነካኩ፣ ይነፋል፤ ተገፋፉ፣ ይነፋል፤ ኳስ ሳይዙ ተጋጩ፣ ይነፋል። ወላጆች ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ቅዳሴ፣ ስንት ጊዜ ነው የምንቆመው እያሉ ያላግጡበታል። አድቫንቴጅ የሚባል ነገር አባቱ ሳያስተምሩት ቀርተው ይሆን ብሎ የጠየቀኝም አለ።

ባለፈው እሑድ ልጄ ስትጫወት ለማየት ሄድኩ። ልጄ ፈጣን ናት፤ በማን እንደወጣች እንጃ። ከኋላዋ ጠለፏት፤ ተንገዳግዳ ቆመች፤ ኳሱ እግሯ ሥር ነው፤ በረኛዋ ወጥታለች፤ ግቡ ባዶ ነው። ሲሳይ ነፋ። ልጆቹ ሁሉ ጮኹበት፤ እኔም ሳላስበው ተነሥቼ እጄን አወናጨፍኩ። እሱ ማንንም ሳያይ እያነከሰ ሜዳውን አቋርጦ መጣ፤ ልጄ ፊት ለመንበርከክ ያንን እግሩን መጀመሪያ በእጁ ወደ ጎን ማውጣት ነበረበት።

«አመመሽ?» አላት።

«አላመመኝም፤ ላገባ ነበር'ኮ!» አለችው፤ እንባዋ መጥቷል።

«አውቃለሁ» አለ። «እስቲ እግርሽን አሳዪኝ።»